አማቴ ያሳደጉት ሞገድ

ባሌ ከድር ላንጋኖ ላይ ሞተር ጀልባ ይነዳል። እኔ ደግሞ ጀልባው ከኋላው በሚያነሳው ሞገድ ላይ፣ የሚጎትተኝን ገመድ ለቅቄ በመንሸራተቻ ሰሌዳ ላይ ቆሜ ሳልንሸራተት አሰላ አልመለስም ብያለሁ። ሞገዱ ግን አጭር ነው። ገመዱን ስለቅ እግሬ ስር ይጠፋና ውሃ ውስጥ እገባለሁ። ከድር ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖችን ወደ ኋላ፣ ወደ ግራው ጥግ ገፋ። ሞገዱ ትንሽ ከፍ አለ እንጂ አልበቃም።

«ሞገዱ እንዲያድግ ከኋላ ክብደት ይጎድለናል። ለዛሬ ይብቃሽ» አለኝ።

«አይበቃኝም!»

እናቱ አዮ ፋጡማ ሐይቁን ሊያዩ ከሳጉሬ መጥተው፣ ውሃ ስለሚፈሩ መሀል ወንበር ላይ ጥብቅ ብለው ተቀምጠዋል። ስወድቅ ስነሳ ሲያዩኝ ቆይተው ድንገት ብድግ አሉ።

«ክብደት የጎደለው እዚህ ነው?» ብለው ጀሪካኖቹ አጠገብ ቁጭ!

ከድር ነዳ። ሞገዱ እንደ ጉብታ ተነሳ። ገመዱን ለቀቅኩት፤ አልወደቅኩም! ሞገዱ ራሱ እየገፋ ወሰደኝ። ደስታው አላስችል ብሎኝ ጮህኩ።

ጀልባው ቆሞ ዋኝቼ ስደርስ፣ አዮ ፋጡማ የጀልባውን ጠርዝ ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ቆምሽ እንዴ ልጄ?»

«ቆምኩ፣ አዮ!»

«በይ ድገሚው፤ አሁን ዓይኔን እገልጣለሁ።»