ያልሰመረ ስለት ያስገቡት ወይዘሮ መዓዛ ኃይለልዑል

አባቶቻችን ካህናት፣ ሐዘን ያጎበጣችሁ ቤተሰቦች፣ ከሜሪላንድም ከቨርጂኒያም ከሥራ አስፈቅዳችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ ይህን ታሪክ እንዳነብ ልጃቸው ናዝራዊት ስትለምነኝ፣ «እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት» ብላት፣ «እትዬ ፋና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርታችሁ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» ስላለችኝ ነው የቆምኩት።

ወይዘሮ መዓዛ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለልዑል ተክለሃይማኖት፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸዳለ በደብረ ብርሃን ከተማ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እዚያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው፣ አዲስ አበባ በቴሌ ስልክ አገናኝ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ ዘመኑ ሲከፋ በሱዳን በኩል ወጥተው በ1977 ዓ.ም. እዚህ ገቡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሆቴል ሲያጸዱ፣ ኋላም ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ሲቆርጡ፣ ከታክሲ ነጂው ከአቶ ኪራኮስ ጋር ተዋውቀው፣ በቁርባን ተጋብተው፣ ናዝራዊትንና አዶኒያስን አፍርተው፣ እሑድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ እየመጡ ያስቀድሱ ነበር።

አዶኒያስ በሃያ አራት ዓመቱ የደም ካንሰር ሲይዘው፣ እናቱ «ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን ብታድንልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። ጥላው ከአዲስ አበባ ተሠርቶ መጣ፤ ልጁ ግን በሳምንቱ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ዐረፈ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ምግብ ይዤ ስገባ የገብርኤል ሥዕል ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ አየሁ፤ አይቼም ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ አስፐን ሂል «መዓዛ ካደች» ብዬ ያዳረስኩት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ወልደአምላክ ሊያጽናኑ ሲመጡም፣ ወይዘሮ መዓዛ በሰው ፊት፣ «አባ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ የኔ አንዱ እንዴት ከበደው?» ብለው ጠየቋቸው። ቀሲስ፣ «አላውቅም ልጄ፤ ሦስቱ ልጆች ግን ‹ባያድነንም አንክደውም› ያሉት ገና ሳይድኑ ነው» አሉ።

አርባው ሳይወጣ የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። አቶ ኪራኮስ፣ «ልጅሽን ለነሳሽ ነው ስጦታ የምትወስጂው?» እያሉ ሲጮሁ በግድግዳው ሰማሁ፤ በሩም ሲላጋ ሰማሁ። የታክሲ ነጂ ሚስት፣ ጥላውን ታቅፈው፣ ጥቁሩን የሐዘን ልብስ በነጠላ ሸፍነው፣ በኡበር ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን መጡ።

ስለት የሚያስነግሩት አቶ አያሌው የልጁን ሞት አልሰሙም ኖሮ፣ ማይክሮፎኑን አስጠግተው፣ «እትዬ መዓዛ፣ ገብርኤል ምን አደረገልዎ?» አሉ።

«ልጄን አድንልኝ ብዬው ነበር።»

«እሰይ! ዳነልዎ?»

«አልዳነም። ቀበርኩት።»

እልል ልንል የከፈትነው አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከኋላዬ አንዷ «አበደች እንዴ?» አለች። ያን ጊዜ ወይዘሮ መዓዛ ጥላውን ለካህኑ አስረክበው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ራሳቸው እልል አሉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ብቻቸውን፤ በሦስተኛው ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ተቀበላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ ለቀቃቸው ማለቴ አይደለም። «ፋና፣ አንዳንድ እሑድ ወደ ባዶ ጣሪያ የምጮህ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ቦታዬን ለማንም አልለቅም» ይሉኝ ነበር። አቶ ኪራኮስ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እያደረሷቸው፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ይመለሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሐኪሞች ቆሽታቸው ላይ ካንሰር አግኝተው፣ ከጥቂት ወራትም በኋላ ወደ ቤት ሲመልሷቸው፣ እኛ ሴቶቹ ተሰብስበን «እንሳልልዎ» ብንላቸው፣ «ብሞትም የምታስገቡ ከሆነ ተሳሉ» አሉን።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሕመሙ ሲበረታ፣ ወደ ላይ አፍጥጠው «የለም፤ ማንም የለም» ማለት ጀመሩ። ቀሲስ ደውለው የቤልትዌይ አውራ ጎዳና በመኪና ተዘጋግቷል፣ ገና ነኝ አሉ። ናዝራዊት ታለቅሳለች፤ እኔ ነፍሳቸው በክህደት ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ወይዘሮ መዓዛ የባለቤታቸውን እጅ ፈልገው ያዙና፣ «ኪራኮስ፣ ዛሬ እኔ አቃተኝ፤ አንተ እመንልኝ» አሉ።

«እኔ?» አሉ አቶ ኪራኮስ፤ «እኔን ነው?»

ወይዘሮ መዓዛ እጃቸውን አልለቀቋቸውም። አቶ ኪራኮስ ጸሎተ ሃይማኖትን ጀመሩ፤ መሐል ላይ ጠፋባቸው፤ ላብ በላብ ሆነው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሡና ዘለቁት። ወይዘሮ መዓዛ እስኪጨርሱ ጠበቋቸው፤ «አሜን» አሉ፤ ከዚያም ሌላ ቃል ሳይወጣቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ኪራኮስን፣ ልጃቸውን ናዝራዊትን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በደብረ ብርሃን ያሉትን እኅታቸውን ወይዘሮ ካሰችን ትተው በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ተለይተውናል። እግዚአብሔር የቻሉበትን ቀን በእምነታቸው፣ ያቃታቸውን ቀን ባለቤታቸው ባመኑላቸው ቆጥሮ፣ ነፍሳቸውን ከልጃቸው አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለአቶ ኪራኮስም የተረከቡትን እምነት ያጽናላቸው። አሜን።