አንዷ መጥፎ አስተያየት

ከላፍቶ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ ለመክፈል ስታመነታ አጠገቧ ያለውን ወጣት አላስቻለውም።

«ይቅርታ እህቴ፣ ስልክሽን ለማየት ብዬ አይደለም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃውን አፕ ልትገዢ ነው?»

«አዎ። ባለፈው ወድቄ፣ ነገ ደግሜ እፈተናለሁ።»

«በምን አመንሽው?»

«አስተያየቶቹን አንብቤ ነዋ!»

«ሁሉም ሲያሞግሰው አይተሽ?»

«ሞኝ መሰልኩህ? ሙገሳማ ይገዛል። ያመንኩት አንዱ ሲያጣጥለው አይቼ ነው። ‹ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ሥዕሎቹ ግን ይደበዝዛሉ› ይላል። እንዲህ የሚል ሰው አይዋሽም።»

«እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እየቀለድክ ነው?»

«የአፑ ባለቤት የአክስቴ ልጅ ነው። ‹ሁሉም ካመሰገነ ሰው ይጠረጥራል፤ እስቲ አንተ ትንሽ አጣጥልልኝ› ብሎ ለመነኝ።»

«ሥዕሎቹ አይደበዝዙም ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ከፍቼው አላውቅም።»

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ትንሽ ቆይታ መልሳ አወጣችው።

«የአክስትህ ልጅ ሰፈሩ የት ነው?»

«መካኒሳ አቦ። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ ነው።»

«አክስትህስ?»

«እሷማ የአቦን ማኅበር ከሰፈሩ ሰው ጋር የምትጠጣ ናት።»

«እና መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም? የደህና ቤት ልጅ ነው እንጂ!» አለችና ከፈለች።

እኔም ከመውረዴ በፊት አንገቴን አስግጌ የአፑን ስም ከስልኳ ላይ አነበብኩ።