ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ በሬ ልዋስ

ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት ተዋናይና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ አዘጋጁ አነጋገርህ የቦሌ ነው አለኝ። ዛሬ ካልሆነልኝ በሌላ ሰው ይተካኛል።»

«ምን ሆነህ ነው የምትሠራ?»

«ገበሬ ነኝ። ጎረቤቴ ጋ በሬ ልዋስ እሄዳለሁ። ይስሙኝማ፦ አያ እጅጉ፣ ለነገ በሬዎን ያውሱኝ!»

«ድምፁስ የእኛው ነው። በሬውን ግን አልሰጥህም።»

«ለምን?»

«እሳት ልትጭር ነው እንዴ የመጣኸው? ቤተሰብ አይጠየቅም? ከብት አይጠየቅም?»

«እሺ። እንዴት አደሩ? ቤተሰቡ ደህና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እህሉስ እንዴት ነው?»

«ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«እንግዲያ በሬዎን...»

«ቸኮልክ! ላሚቱን መቼ ጠየቅኸኝ?»

«ላሚቱስ ወለደች?»

«ወልዳ ነበር። ጥጃው ሞተብን።»

«ውይ አባባ... እግዜር ምትኩን ይስጥዎ። እሷስ እንዴት ሆነች?»

«ትጮኻለች። በል፣ አሁን በሬውን ውሰድ።»

«ቆይ፣ የእውነት ሞቶ ነው?»

«ሐሙስ ዕለት። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

እኔ ስልኬን አወጣሁና፣ ጠዋት ለእናቴ «በርበሬውን ቶሎ ላኪልኝ» ብቻ ብዬ የጻፍኩትን መልእክት ደግሜ አነበብኩት።