ለእናኑ የተላጠው እንቁላል

በእኛ ጊዜ፣ አንቺ ልጅ፣ ወንድ እንቁላል ይበላል እንጂ አይልጥም ነበር። አሁን ይኸው በልጄ በእናኑ ምግብ ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አይሻለሁ፣ ቅርፊቱን ስታነሺ ነጩን አብረሽ ቦጭቀሽ፣ ደግሞ ታጉረመርሚያለሽ። ተይው እስቲ እሱን። ይኼ ዛሬ ጠዋት ከገሳይ ገበያ የመጣው ነው አይደል? አዎ፣ ዶሮዋ ገና ከላዩ መነሳቷ ነው። ታዲያ እንዴት ይላጥልሽ? እኔን ያዋረደኝ ይኼ ነው፣ ስሚኝማ።

የእናኑ እናት፣ ባለቤቴ የኔነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የፋሲካ እንቁላሏ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። እኛ ያኔ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ጋፋት አጠገብ ነው ያለነው። ከወጡ ውስጥ ሲወጣ እንቁላሏ አንድ ጭረት አይገኝበትም። ሁዳዴ ሲገባ ዶሮዎቹ የሚጥሉትን፣ መቼም በጾም የሚበላው የለ፣ ትለቅምና ጤፍ ባለበት እንቅብ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ እስከ ፋሲካ። እኔ ታዲያ የእጇ ነገር ይመስለኝ ነበር። «እጅሽ ይባረክ» እላታለሁ። «ከእጄ አይደለም አንቱ ሰውዬ» ትለኛለች፣ ትስቅና ታልፈዋለች። ታዲያ ከምንሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋት፣ እሷም አልነገረችኝ፣ እና ሞተች።

እሷ ስትሞት እናኑ አረብ አገር ነበረች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ። ይቺ አሁን እናንተን የምታዝዘው እናኑ። የእናቷን ለቅሶ በስልክ ነው የለቀሰችው። ታዲያ እናቷ በሞተች በዓመቱ፣ ሁዳዴ ሲጋመስ፣ መጣች። መጣች ስልሽ አጥንቷ ነው የመጣው። ሽሮውን አቀርብላታለሁ፣ ሁለት ጉርሻ ትጎርስና «ጠገብኩ አባዬ» ትላለች። ደግሞ ያቺኑ ሁለት ጉርሻ ቆማ ነው፣ በር በሩን እያየች፣ ቶሎ ቶሎ። «ቁጭ በዪ እንጂ ልጄ» እላታለሁ፣ ትቀመጣለች፣ ወዲያው ትነሳለች። ጎረቤት ይመጣና «ምን አግኝቶሽ ነው? ምን አድርገውሽ ነው?» ይላታል፣ እሷ ፈገግ ትላለች። ፈራሁ። እናቷን ቀብሬ እሷንም ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው የምነግርሽ።

እና ምን አሰብኩ? ልጅ ሆና፣ ፋሲካ ሲሆን እናቷ ከሁላችንም አስቀድማ እንቁላሉን ለእሷ ነበር የምታጎርሳት። እንግዲያው ያንን ካገኘች ትበላለች አልኩ፣ ሌላው ቢቀር ያንን ትበላለች። የጾሙን እንቁላልም እንደ እናቷ ጤፍ ውስጥ ቀብሬው ነበር። ታዲያ በዓሉ ሲቀርብ ምን ሐሳብ መጣብኝ መሰለሽ? ልጄ ከዚያ ሁሉ አገር መጥታ እኔ የሰነበተ እንቁላል ላበላት? አላደርገውም። ያንን ሁሉ አወጣሁና ደብረ ታቦር ወስጄ ሸጥኩት። ለእሷ የዕለቱን አልኩና የዶሮ እረኛ ሆንኩልሽ፣ ከሥራቸው እየጠበቅሁ፣ ገና ትኩስ ትኩሱን እያነሳሁ። ደግሞ ኮርቻለሁ።

ቅዳም ሹር ዕለት ዶሮውን አረድኩ፣ ጎረቤታችን ጥሩወርቅ ወጡን ሠራችልኝ። ስትጨርስ «አያ ሞላ፣ የራሴ ቤት ጣጣ አለብኝ። እንቁላሉን ቀቅዬልዎታለሁ፣ መቼም መላጥ አያቅትዎትም» አለችና ሄደች። ይኼ ደግሞ ምን ሥራ ሆነ ብዬ አንዱን አነሳሁ። ቅርፊቱን ስስበው ነጩን ይዞ ተነሳ። ሁለተኛውም ያው። ጥፍሬ ነው ብዬ ጥፍሬን ቆረጥኩ፣ በቢላ ሞከርኩ፣ ተቆጣሁት፣ እንቁላሉን። ኋላ ሳየው አይጥ ያደረበት ነው የሚመስለው። እና በሰፌድ ሸፍኜ ልደብቀው ስል፣ እናኑ ለካ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም።»

«ከሰፌዱ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። «የመቼ ነው?» አለችኝ። «የዛሬ ነዋ፣ ለአንቺ የሰነበተ አበላሻለሁ?» አልኳት። «የእማዬ እንቅብ ውስጥ የነበረውስ?» «ሸጥኩት» አልኩ። እሷ ራሷን ይዛ፣ «ወይ አባዬ፣ ታዲያ እማዬ ጤፍ ውስጥ የምትቀብረው ለምን ይመስልዎታል? ትኩስ እንቁላል ቅርፊቱን አይለቅም። ሳምንትም፣ ከዚያም በላይ ሰንበት ሲል ነው የሚለቀው» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት እጇን ስመርቅ የኖርኩት፣ ነገሩ ለካ እንቅቡ ነው።

ከዚያ በርጩማ ሳበችና ቁጭ አለች። የቀረውን እንቁላል ከፍሉ ውኃ አወጣችና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ እስኪበርድ ተወችው፣ ዙሪያውን ኳ ኳ አድርጋ ሰነጣጠቀችው፣ በወፍራሙ በኩል፣ ባዶ ቦታ ያለው በዚያ ነው፣ ከዚያ ጀምራ እዚያው ውኃው ውስጥ ላጠችው። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ደህና ወጣላት። «ይኼን ማን አስተማረሽ?» አልኳት። እጇን እያየች ነው የነገረችኝ። «የቤቱ ልጆች ጠዋት ጠዋት ያለ እንቁላል አይበሉም ነበር። ከተቦጨቀ ደግሞ አይነኩትም፣ እመቤቲቱ ትቆጣኛለች፣ ወደ ቆሻሻው ይጣላል።» «ለአንቺስ?» አልኳት። «እኔ የተረፈውን ነው፣ ቆሜ፣ ሳይጠሩኝ ቶሎ። ቁጭ ብሎ መብላት ጠፋብኝ መሰለኝ አባዬ።» እኔ ጎንበስ ብዬ ቅርፊቱን ለቀምኩ።

ሲነጋ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ማዕዱ ቀረበ። እሷ የላጠችውን ያማረውን እንቁላል መርጬ በእሷ በኩል አደረግሁ። አየችውና «የአንቱዎቹስ የታሉ?» አለችኝ።

«የትኞቹ?»

«የተቦጫጨቁት።»

«ለውሻ ነው ያስቀመጥኳቸው ልጄ፣ ተያቸው፣ የፋሲካ ቀን ነው» አልኳት።

«ያምጡልኝ» አለች። «እዚያ ያን ሁሉ ዓመት ስልጥ ኖሬ ለእኔ የላጠልኝ ሰው የለም። ለእኔ የተላጠው እሱ ነው።»

አመጣሁላት። ወጡን አስነክቼ አጎረስኳት፣ አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ጠየቀችኝ። ቁጭ ብላ በላች። በሩንም አላየችው። እኔ ምን በላሁ ብትዪኝ አላስታውሰውም።

ይኸው ትሰሚያታለሽ፣ ከጓዳ «አባዬ፣ ልጅቱን ሥራ አስፈቱብኝ» ትለኛለች። ሥራ እያስተማርኳት ነው በያት።

«ታዲያ አባባ፣ ይኼን የቦጨቅሁትን ምን ላድርገው?»

ለእሷ አስቀምጪላታ። እስከ ዛሬ ያማረውን ለእንግዳ ትሰጥና የተቦጨቀውን ራሷ ነው የምትበላው። ቁጭ ብላ ግን፣ እዚያች ወንበር ላይ፣ እኔ እያየኋት።