ለክፉ ቀን የተቀመጠው ወርዋሪ

ነይ ክሪስፒና፣ ነይ ግቢ። ወንበሯን ወደ ጥላው ሳብ አድርጊያት። አንድ እግሯ አጭር ነው፣ ግድግዳውን ተደገፊ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የኔማ ከጠዋት ጀምሮ ይጠዘጥዘኛል… ነገ ሊዘንብ ነው መሰለኝ። የኔ ጉልበት ከሬዲዮኑ ይሻላል፤ እሱ የሚያወራው ትናንት የዘነበውን ነው። ዓሣ ልጥበስልሽ? ከአረንጓዴ ሙዝ ጋር ነው አይደል የምትወጂው? ቆይ፣ ዘይቱ ይጋል።

ኧረ ድምፅሽን አትቀንሺ። እዚያ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተውን የሚበሉት የምግብ ቤቴ እንግዳ ናቸው። እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው… ገና አልጀመርንም እንዴ? እንግዲያው ልጀምርልሽ።

ነገ የኮከቦች ጨዋታ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለነው የስኳር ፋብሪካ ሠፈሮች ምርጥ ምርጦቹን አዋጥተን ከማዶዎቹ ጋር ቤዝቦል የምንገጥምበት ቀን። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ የዓመቱን ዋንጫ የወሰደ አሰልጣኝ ነው ኮከቦቹን የሚመራው። ዋንጫውን ደግሞ ይኸው ከዘንድሮው ጋር ዘጠኝ ዓመት የሚወስዱት አንድ ሰው ናቸው። ብልህ ሰው! ዓመቱን ሙሉ የኔን ኤልፒዲዮን እንደ ጭነት በቅሎ ያስወረውሩታል። እሱ የወረወራትን ኳስ የሚነካ መቺ ይጠፋል፣ ዋንጫው ይመጣል። የኮከቦቹ ቀን ሲደርስ ግን… ይሳሱለታል። “ኤልፒዲዮ ለክፉ ቀን ነው፣ ይቀመጥ” ይላሉ። እንዲህ ያለ አንጀት ከየት ይገኛል? እኔ እናቱ እንኳ እንዲህ አልሳሳለትም።

እስከ አምና ስምንት ጊዜ መርተው ሰባቱን ተሸነፉ። አንዱ መብራት ጠፍቶ ሳያልቅ ቀረ። እሱን “አሸንፌያለሁ” ብለው ያወራሉ። ይሆናል… በጨለማ ማን አየ?

የመጀመሪያው ዓመት ማዶዎቹ በስድስት ሲመሩን “ኤልፒዲዮ ይግባ?” ቢሏቸው “ገና አልከፋም” አሉ። በአሥራ አንድ ሲመሩንም ገና አልከፋም። ዘጠነኛው ዙር አልቆ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር “በሉ፣ አሁን ከፍቷል” ብለው ልጄን አስነሡት። ወንበር እንዲሰበስብ። በጣም ቆንጆ አድርጎ ሰበሰበ።

ሦስተኛው ዓመት የማዶዎቹ አውቶቡስ አገዳው መሀል ተበላሽቶ ሰባት ሰው ብቻ በእግሩ ደረሰ። በሰባት ሰው ጨዋታ የለም፤ አሸንፈን ልንሄድ ነው። ደጉ ሰውዬ አላስቻላቸውም፤ ወንበር ላይ ካስቀመጧቸው ሁለት መቺ አዋሷቸው። ሁለቱም ስንት ዓመት የቋመጡ ልጆች ናቸው… መቱን፣ መቱን፣ አሸነፉን። ኤልፒዲዮንስ? ኧረ እሱን አላዋሱም። እሱ ለክፉ ቀን ነው።

አምና ደግሞ፣ ይመስገኑና፣ ተነሥ አሉት። ሜዳ ሊገባ ሦስት እርምጃ ሲቀረው… ዶፍ። እየተመራን ነበርና ሽንፈቱ ጸደቀ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አይደል? የሳቸው እንቁላልስ ጨዋ ነው፤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ነው የሚገማው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸም ይባላል። እሳቸው ግን ውሻቸውን ለዛሬ ጅብ አያስጮሁም፣ ለከርሞው ጅብ ያስቀምጡታል።

እኔ ምን አጣሁ? ሌሎቹ እናቶች በማግስቱ ከሱሪ ላይ ቀይ አፈር ሲያሹ ይውላሉ። እኔ የተኮስኩት ሱሪ ከነመስመሩ ይመለስልኛል። የሚያልቀው መቀመጫው ብቻ ነው። ዘንድሮማ ትራስ ልሰፋበት ምንም አልቀረኝም።

የከበደው ለፍሎሬንሲዮ ነው። ባሌ እግሩ ከከዳው ወዲህ ሜዳ አይሄድም፤ ሬዲዮው ደግሞ የሚያስተላልፈው የኮከቦቹን ጨዋታ ብቻ ነው። እና በዓመት አንድ ቀን ይላጫል፣ ነጭ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ሬዲዮኑን ታቅፎ የልጁን ስም ይጠብቃል። “ኤልፒዲዮ እጁን እያሟሟቀ ነው” ሲሉ ዶሮዎቹን ሳይቀር ዝም ያሰኛቸዋል። ስምንት ዓመት የሞቀ እጅ! ከሰል ከምገዛ እሱ ላይ ዓሣ ብጠብስ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሳንቶ ዶሚንጎ የመጣው ሐኪም ልቡን አዳምጦ፣ ወደ ውጪ ጠርቶኝ፣ “የከርሞውን ጨዋታ አታስቡ” አለኝ። ለካ ፍሎሬንሲዮ ሰምቷል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ገና አልከፋም በይው።”

…ቆይ፣ ጭሱ ነው ዓይኔን።

እና ነገ የመጨረሻው ነው። ታዲያ ሄጄ “አንዲት ዙር ብቻ ያስወርውሩልኝ፣ አባቱ ስሙን ይስማ” ልበል? እኔ ምን አግብቶኝ! ክፉ ቀን የቱ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ክሪስፒና፣ እስቲ ቀስ ብለሽ እንግዳውን እያቸው። ሩዙን ጨርሰዋል፣ ሙዙንም። ዓሣውን ግን፣ ያንን ከሆዱ በኩል የቆረጥኩላቸውን ወፍራሙን፣ ሳህኑ ጥግ አስቀምጠውታል። ለመጨረሻ። ማንኪያቸውስ ለምን አየር ላይ ቀረ? ጆሯቸውም ቀልቷል… ፀሐዩ ይሆናል። ድመቷ ደግሞ በግንቡ ላይ እየመጣች ነው። አንድ ዓይን ነው ያላት፣ ግን ዓሣ አትስትም። ተይ፣ አታባሪያት። ገና አልከፋም።

…ይኸው፣ ነጠቀች። አሁን ከፋ።

ውይ፣ ሊሄዱ ነው? በደህና ይግቡ የኔ ጌታ። ድመቷን ይቅር ይበሏት፣ አስቀምጠውት ብታይ የተረፈዎት መስሏት ነው።

እኛም መርቀን እንለያይ እንጂ ክሪስፒና፤ ሰው አምቶ ሳይመርቁ መነሣት ነውር ነው። ለዚያ ለነገርኩሽ አሰልጣኝ እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ለልጄ እንደሳሱለት እሱም ይሳሳላቸው። ጤናውን፣ ደስታውን፣ መልካም መልካሙን ሁሉ… ለመጨረሻ ያስቀምጥላቸው።

አሜን በይ እንጂ።