ጨርቁ ሳያልፍ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ፣ አንዲት ወጣት አጠገቧ ለተቀመጡት አሮጊት ታወራላቸዋለች።

«ዛሬ ተሳካልኝ፣ እማማ! ፋብሪካችን የጨርቅ ቀዳዳ የሚፈልግ ካሜራ አለው። ድራይቨሩ፣ ማለት ካሜራውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ፎቶውን ይቀበላል፤ የእኔ ፕሮግራም ይመረምረዋል።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ?»

«ፎቶው ከድራይቨሩ ሜሞሪ፣ ማለት ከማስቀመጫው፣ ወደ እኔ እስኪገለበጥ ጨርቁ ቀዳዳውን ይዞ ያልፋል። አለቃዬ ካሜራውን ሊያስነቅለው ነበር።»

«እኛም ፋብሪካ ሳለን ጨርቁን ግምጃ ቤት ወስደን ስናይ፣ ማሽኑ ሌላ ቀዳዳ ይጨምር ነበር። በኋላ እዚያው ማሽኑ አጠገብ ቆመን ማየት ጀመርን።»

«እኔም እንደዚያው! ሁለቱ ፕሮግራሞች አንድ ሜሞሪ እንዲጋሩ አደረግኩ።»

«አይጋፉም?»

«አንዱ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው አያነብም። ዛሬ አንድም ቀዳዳ አላመለጠንም!»

«እሰይ የኔ ልጅ! እልልልል!»

ሳላስበው ቀዳዳ ይኖረው እንደሆነ የሸሚዜን እጅጌ ገልበጥ አድርጌ አየሁት።