ችግኙን ማን ቀቀለው?

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቁይ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተነፈሰ። ወርጄ እግሬን ሳፍታታ ከአጥር ወዲያ ጩኸት ሰማሁ። ብጠጋ፣ የመንደሩ ንስሐ አባት ቄስ ገብረ ኪዳን በጓሯቸው ቆመው ይጮኻሉ። መደቡ ላይ የነበረው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተኝቷል።

“አባታችን፣ ምን ደረሰብዎ?” አልኩ።

“ምን ያልደረሰብኝ! ማታ ለምልሞ ትቼው የገባሁት ነው። ጎረቤቴ አይናዲስ የፈላ ውሃ አፍስሳበታለች! በበግ ተጣልተን ነበር። ዛሬውኑ አወግዛታለሁ!”

ክው አልኩ። በገጠር የተወገዘ ሰው ደጅ ማን ይረግጣል? አይናዲስ ደግሞ፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ ረዳት የሌላት ባልቴት ናት።

ዩኒቨርሲቲ እርሻ የምታጠናው የወንድማቸው ልጅ ፀደንያ ጩኸቱን ሰምታ ከቤት ወጣች።

“አባባ፣ ይህን ቃል ከአፍዎ አያውጡት! የመታው ውርጭ ነው።”

“የምን ውርጭ? መስቀል በዋለ ማግስት ነው የዘራሁት። አባቴም አያቴም በዚሁ ቀን ነበር የሚዘሩ።”

“እነሱ የሚዘሩት ጎመን ነበር፤ ጎመን ብርድ ይችላል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ሙቀት ወዳድ ናቸው።”

“አምናስ ለምን አልመታውም?”

“አምና ደመና ነበር። ትናንት ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ፤ የምድሩን ሙቀት የሚያቅብ ደመና አልነበረም።”

“ይህ የተማሪ ቤት ወሬ ነው!” አሉ ቄሱ።

ፀደንያ ዞር ስትል፣ ለመድረቅ የተሰጣ ጋቢ ነፋስ ከአጥር አውርዶት የመደቡን ጫፍ ሸፍኖ አየች። ብታነሣው ከሥሩ ያለው ችግኝ አረንጓዴ ነው! “የፈላ ውሃ ቢሆን በጋቢው ዘልቆ ይገባ ነበር፤ ጋቢ የሚያግደው ብርድን ነው” አለች። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የአይናዲስ ድምፅ ተሰማ፤ “ኧረ ድንቼን! ኧረ ምን ጉድ ወረደብኝ!”

የቄሱ ፊት አመድ መሰለ። “እግዚኦ! ንጹሕ ሰው በግዝት ላስር ነበር” አሉና አጥሩን ተሻገሩ፤ እግሯ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

“በስመ አብ! አናዛዥ በተናዛዥ እግር ላይ ይወድቃል?” ብላ ደንግጣ ደገፈቻቸው። ነገሩን ስትሰማ ግን ጠቁሮ በቀረው ድንቿ መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቆይታ “ይቅር ይበለን” አለች።

ቄሱ ወደ ፀደንያ ዞረው “ታዲያ መቼ ልዝራ?” አሉ።

“አባባ፣ እርስዎ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነዎት። ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ሳያገኙ ፋሲካን ያውጃሉ?”

“እንዴት ተደርጎ!”

“ይህም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ውርጩ የሚያበቃበትን ይያዙ፤ በእኛ ደጋ ጥር ሲጋመስ ይላላል። ችግኝ ለመዛወር ከወር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ቆጥረው ታኅሣሥ ሲገባ መደብ ላይ ይዝሩ። ማታ በሣር ዳስ ይሸፍኑት፣ ጠዋት ይግለጡት። ውርጩ ሲያልፍ ያዛውሩታል።”

ቄሱ በጣታቸው ቆጠሩና “ለካ ዘርም ባሕረ ሐሳብ አለው!” አሉ።

አባቶቻችን ቀን የቆረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ለሚያውቁት ዘር ነው። ዘሩ ሲለወጥ ቀኑን አለመመርመር ድካምን ለብርድ መገበር ነው።

በዚያው ታኅሣሥ ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ መደብ በጋራ ሠርተው ዘሩ። ለዐቢይ ጾም ማብቂያ ቃሪያውም ቲማቲሙም ለሁለቱም ቤት ደረሰ፤ ለጎረቤትም ተረፈ። በዚያ ሰሞን በመንደሩ ሳልፍ፣ ቄስ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

“ልጆቼ፣ ጓሯችሁ ጠቁሮ ያደረ እንደሆነ በጎረቤታችሁ ከመጮኻችሁ በፊት፣ ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ጠይቁ።”